ጀማሪ ጋዜጠኛ ከካሜራ በፊት አርታዒ ያስፈልገዋል

በየዓመቱ ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከጅማ፣ ከመቀሌና ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች በጋዜጠኝነት የሚመረቁ ወጣቶች አንድ የጋራ ጥያቄ ይዘው ይወጣሉ፤ የት ልጀምር? ጋዜጣ ልግባ እንዳይሉ ኅትመቱ እየሳሳ ነው። ቴሌቪዥን ልሞክር እንዳይሉ የቅጥሩ በር ጠባብ ነው። ስልካቸው ግን እጃቸው ላይ ነው፤ ዛሬ ማታ ቻናል ከፍተው ነገ ጠዋት «ሰበር ዜና» ማለት ይችላሉ። የሚመክራቸውም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነግራቸው ስለ መሣሪያ ነው፤ ቪዲዮ መቁረጥ ተማሩ፣ ተከታይ አብዙ፣ ከጊዜው ጋር ሩጡ ይላቸዋል። ምክሩ ክፋት የለውም፤ ዋናውን ነገር ግን ይዘለዋል። በእኔ እምነት ሙያውን ዛሬ የሚጀምር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ የሠራሁትን ሕዝብ ከማየቱ በፊት ማን ያየዋል፣ ስሳሳትስ ማን ይመልሰኛል ብሎ ነው። የዜናው ዓለም ሲለወጥ ክፉኛ የተጎዳው ይህ ሁለተኛ ዓይን ነውና።

ነገሩን ለመረዳት ሙያው በአገራችን ሲተላለፍ የኖረበትን መንገድ ማየት ይበጃል። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም.፣ አዲስ ዘመን ደግሞ በ1933 ዓ.ም. መታተም ሲጀምሩ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አገሪቱ ውስጥ አልነበረም። ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን ጋዜጠኛ ይወጣ የነበረው ከዜና ክፍል ነው። ጀማሪው የጻፈው ወረቀት ወደ አዘጋጁ ጠረጴዛ ይሄዳል፤ ተሰርዞና ተደልዞ ይመለሳል፤ እንደገና ይጻፋል፤ በአራሚ እጅ ካለፈ በኋላ ነው ማተሚያ ቤት የሚደርሰው። በዓሉ ግርማን አብዛኛው አንባቢ የሚያውቀው በልቦለዶቹ ነው። ይሁን እንጂ በዓሉ ገና ተማሪ ሳለ የሚማርበትን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር፤ በኋላም መነን መጽሔትንና አዲስ ዘመንን በዋና አዘጋጅነት መርቷል። የሰው ጽሑፍ ማረምና የራስን ማሳረም ያኔ የሙያው መደበኛ ትምህርት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ዜና ምን እንደሆነ ያስተምራል፤ ያመጣኸው ነገር ገና ዜና ያልሆነው ለምን እንደሆነ የሚያስተምርህ ግን አርታዒ ነው።

አርታዒ የሚሠራውን ሥራ በአንድ ተራ ምሳሌ በቅርበት እንየው። ጀማሪ ሪፖርተር ከጋዜጣዊ መግለጫ ተመልሶ «የመንገድ ፕሮጀክቱ 80 በመቶ ተጠናቋል» ብሎ ጻፈ እንበል። ዐረፍተ ነገሩ እንከን የለበትም፤ የተባለውንም በትክክል ያደርሳል። ጥሩ አርታዒ ግን እዚህ ላይ ያስቆመዋል። 80 በመቶ የተባለው የተሠራው ሥራ ነው ወይስ የተከፈለው ገንዘብ? የለካውስ ማን ነው፤ ተቋራጩ፣ አማካሪው መሐንዲስ ወይስ መግለጫ የሰጡት ኃላፊ? በውሉ መሠረት ማለቅ የነበረበት መቼ ነው? አምና በዚሁ ወቅት ስንት በመቶ ተብሎ ነበር? ሲጀመር ዋጋው ስንት ነበር፣ አሁንስ ስንት ደረሰ? ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ካሣቸውን አግኝተዋል? ጀማሪው መልስ ፍለጋ ስልክ ሲደውል፣ የአምናውን ዘገባ ሲያገላብጥ፣ ቦታው ድረስ ሄዶ ነዋሪዎችን ሲያነጋግር ይውላል። ዜናው በአንድ ቀን ይዘገይ ይሆናል፤ ሲወጣ ግን ኃላፊው ከተናገሩት የበለጠ ነገር ይዞ ይወጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ሪፖርተር እነዚህን ጥያቄዎች መግለጫው ላይ እጁን አውጥቶ ራሱ ይጠይቃል። ሙያ ተላለፈ የሚባለው የአርታዒው ጥያቄ የጋዜጠኛው የራሱ ጥያቄ ሲሆን ነው።

ይህ ሰንሰለት የተበጠሰው በኢንተርኔት ብቻ አይደለም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በርካታ የግል ጋዜጦች ሲዘጉና አዘጋጆቻቸው ሲታሰሩ፣ በ2002 ዓ.ም. አዲስ ነገር ጋዜጣ ተዘግቶ አዘጋጆቹ ሲሰደዱ፣ አብሮ የተበተነው ለተከታዩ ትውልድ መተላለፍ የነበረበት ልምድ ነው። በዚያ ላይ ኢኮኖሚው ተጨመረ። የጋዜጣ ወረቀት ከውጭ የሚገባ ነውና ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ የብር አቅም ከግማሽ በታች ሲወርድ አሳታሚ ላይ ያደረሰውን ጫና መገመት አያዳግትም። ሚኒስቴሩም፣ ባንኩም፣ የክልሉ ቢሮም መግለጫቸውን በየራሳቸው ፌስቡክና ቴሌግራም ማውጣት ስለጀመሩ፣ ቀድሞ ሪፖርተር ተሸክሞት ይመጣ የነበረው ወሬ ዛሬ ከእሱ ቀድሞ አንባቢው ስልክ ውስጥ ይገኛል። መግለጫ ማሳጠርና ከእንግሊዝኛ መተርጎምም በሰው ሠራሽ አስተውሎት የደቂቃ ሥራ ሆኗል። እንግዲህ ጋዜጠኛ የሚያስፈልግበት ሥራ ሆኖ የቀረው ያ የመንገዱ ፕሮጀክት ላይ የተነሣው ዓይነት ጥያቄ ነው። እሱን ደግሞ ጀማሪ ብቻውን ተቀምጦ አይማረውም። ወጪ ይቀነስ ሲባል ግን ቀድሞ የሚነካው አርታዒው ነው፤ ታዳሚ የአቅራቢዋን ፊትና የሪፖርተሩን ስም ያያል፤ አርታዒውን አያየውም። ልምድ ያካበቱ አዘጋጆች ወደ ሕዝብ ግንኙነት፣ ወደ ረድኤት ድርጅቶችና ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ ቦታቸው ሳይተካ ይቀራል። ጀማሪው የሚያገኘው አስተማሪ ሳይሆን በቀን ይህን ያህል ዜና አምጣ የሚል ትእዛዝ ነው።

ብቻውን የሚጀምር ወጣት የሚሸከመው የሕግ ኃላፊነትም ከባድ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 እያንዳንዱ ጋዜጣና መጽሔት በይዘቱ ላይ የመወሰን ሥልጣን ያለው ዋና አዘጋጅ እንዲኖረው ያስገድድ ነበር። ይህ ማለት ከጀማሪው ጽሑፍ ጀርባ ስሙን ያስመዘገበ፣ ከማተሙ በፊት አንብቦ ኃላፊነቱን የሚጋራ ሰው ነበር ማለት ነው። ዛሬ በራሱ ቻናል የሚሠራው ወጣት ሪፖርተሩም፣ ዋና አዘጋጁም፣ አሳታሚውም እሱው ነው። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የሚፈጸምን ጥፋት ከብሮድካስትና ከኅትመት ጋር እኩል መድቦ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ደንግጓል። አዋጁን መተቸት ይቻላል፤ መተቸትም አለበት። እስከጸና ድረስ ግን ከ5,000 በላይ ተከታይ ያፈራ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት አንድ ጣቢያ የሚሸከመውን ሸክም ለብቻው ይሸከማል፤ ያላረጋገጠውን ነገር ከመለጠፉ በፊት «ቆይ እስኪ» የሚለው ሰው ግን የለውም።

እዚህ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ፣ የእኛ አገር አርታዒ ሳንሱር አድራጊ ነው የሚለው ነው። ሐሜት አይደለም፤ ታሪክ አለው። ቅድመ ምርመራ በሕግ የተከለከለው በፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ነው፤ ከዚያ በፊት የመንግሥት ሳንሱር ጋዜጣውን ሳያይ ማሳተም አይቻልም ነበር። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 ማናቸውንም ዓይነት ቅድመ ምርመራ ከልክሏል። ሕጉ ተቀየረ እንጂ ልማዱ በየዜና ክፍሉ አልጠፋም፤ እውነተኛ ዘገባ ባለሥልጣን ወይም ማስታወቂያ ሰጪ ይከፋዋል ተብሎ ሲቀር የሚያውቁ ባለሙያዎች ጥቂት አይደሉም። ታዲያ ጀማሪው ሁለቱን በምን ይለያቸው? በሚጠይቁት ጥያቄ ይለያቸው። አንዱ «ይህን በምን አወቅህ?» ይላል፤ ሌላው «ይህን ማን ይቀየማል?» ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ዘገባውን ያጠነክረዋል፣ ማስረጃ ይጨምርለታል፤ ሁለተኛው ያሳንሰዋል፣ ስም ይፍቅበታል። ሁለተኛውን ብቻ በሚሰማበት ቤት የተቀጠረ ወጣት ቢለቅ አልፈርድበትም። የመጀመሪያውን ጥያቄ ግን ከሁለተኛው ጋር ጨፍልቆ ከሁለቱም ነፃ ወጣሁ ቢል ከሳንሱር ጋር ሙያውንም ጥሎ ነው የሚወጣው።

ሌላው ተቃውሞ፣ ትልልቆቹ ተቋማት ዝም ባሉባቸው ጉዳዮች ላይ የተናገሩት በኢንተርኔት ብቻቸውን የሚሠሩ ሰዎች ናቸው የሚል ነው። ይህም እውነት አለበት፤ ሕዝቡ ብዙ ነገር የሰማው ከእነሱ ነው። ነገር ግን ያልሞተ ሰው መርዶና «ዛሬ እዚህ ሆነ» ተብሎ የቀረበ የሌላ አገር የጦርነት ምስልም ያገኘው በዚያው መንገድ ነው። በብሔርና በሃይማኖት ስም ነገር በሚከርበት አገር እንዲህ ዓይነቱ ስሕተት በማግሥቱ ይቅርታ ተጠይቆ የሚዘጋ አይደለም፤ ከይቅርታው በፊት የሰው ቤት ሊቃጠል ይችላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በጥድፊያ የተገኘ ተከታይ ሌላ የፈጠነ ሲመጣ ይሄዳል። ብቻቸውን ጀምረው ዓመታት የቆዩትና የታመኑት ደግሞ ለራሳቸው የማረጋገጫ ሥርዓት ያበጁት ናቸው። የእነሱ ስኬት ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም።

የኑሮ ጉዳይም አለ። የጀማሪ ሪፖርተር ደመወዝ አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ኪራይ የሚችል አይደለም፤ ብዙው ወጣት ጎዶሎውን የሚሞላው ከየስብሰባው በሚሰጥ አበል ነው፤ አበሉ ደግሞ ስብሰባውን የጠራው አካል የፈለገውን ዘገባ ይጎትታል። በዚህ ሁኔታ ጥሩ አርታዒ ምረጥ ማለት ለጠገበ ሰው የሚነገር ምክር ሊመስል ይችላል። እኔ ግን በተለይ ድሀ ለሆነው ጀማሪ ነው የምመክረው። ሁለት ሥራ ቀርቦለት ልዩነቱ ጥቂት ብር ከሆነ፣ ፊቱ ከሚታይበት ይልቅ ጽሑፉ የሚታረምበትን ይያዝ፤ መግለጫ መቅዳት የሚያውቅ ሰው ነገ በማሽን ይተካል፣ መመርመር የሚያውቀው ግን አሠሪ ቢቀይርም ሙያው አብሮት ይሄዳል። ቅጥር ካልተገኘ ሁለት ሦስት ሆነው አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያይ ምንም ላይወጣ ይማማሉ። የሚሠሩትም አይጠፋም። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርበው ሪፖርት በስም የተጠቀሱ መሥሪያ ቤቶችን የሒሳብ ጉድለት ይዘረዝራል፤ አብዛኛው መገናኛ ብዙኃን የአንድ ቀን ዜና ሠርቶበት ይተወዋል። አንዱን መሥሪያ ቤት ይዞ ያለፉትን ዓመታት ሪፖርቶች ጎን ለጎን ማንበብ፣ የተደጋገመውን ጉድለት ማውጣት፣ ኃላፊዎቹን መጠየቅና ጓደኛ እያንዳንዱን ቁጥር ከሰነዱ ጋር እንዲያመሳክር ማድረግ ውድ ካሜራ አይፈልግም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ እስርን አርታዒ ያስቀራል ወይ ይላል። አያስቀርም። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የጋዜጠኞች ተሟጋች ድርጅት ሲፒጄ በኢትዮጵያ የታሰረ ጋዜጠኛ አለመኖሩን ሲመዘግብ ብዙዎች ተስፋ አድርገው ነበር። ድንበር የለሽ ሪፖርተሮች በሚያወጣው የፕሬስ ነፃነት ደረጃም አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ከነበረችበት 150ኛ በ2020 ወደ 99ኛ ከፍ ብላ በ2025 ተመልሳ 145ኛ ሆናለች። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በሙያው ሥራ የተከሰሰ ሰው ለምርመራ ሳይታሰር በቀጥታ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ቢደነግግም፣ ጋዜጠኞች ያለ ክስ ለወራት ታስረዋል። ጥሩ ዘገባ ከዚህ ያድናል ብሎ ወጣቱን ማታለል ነውር ነው። አርትዖት የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፤ የተጠረጠረበት ዐረፍተ ነገር እውነት መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ፣ አብሮት የሚቆም ባልደረባ፣ ይህ ሰው አይዋሽም ብሎ የሚጮኽለት አንባቢ። ያለ እነዚህ የታሰረ ሰው ሁለት ጊዜ ብቻውን ነው።

ሸክሙን ሁሉ በጀማሪው ጫንቃ ላይ መጣል ግን ፍትሕ አይደለም። አሳታሚዎችና ጣቢያዎች ለአርታዒ የሚከፍሉትን የቅንጦት ወጪ አድርገው ማየታቸውን ትተው፣ ቢያንስ አንድ ልምድ ያለው ሰው የጀማሪዎችን ሥራ ከጸሐፊው ጋር ተቀምጦ የሚያይበት ሰዓት ይመድቡ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪን ለተግባር ልምምድ ሲልኩ የሚጠይቁት ስንት ዜና ሠራ ብለው ሳይሆን ስንቱ ታርሞ ተመለሰለት፣ እርማቱስ ምን ይል ነበር ብለው ይሁን። በውጭ አገር ያሉ ባልደረቦቻችንም ድርሻ አላቸው። የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛው ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ሲያሰራጭ ኖሮ፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም. የጣቢያው ሠራተኞች በአሜሪካ መንግሥት ውሳኔ ከሥራቸው ገለል ሲደረጉ ለአሥርት ዓመታት የተጠራቀመ የአርትዖት ልምድ በአንድ ጊዜ ሥራ ፈታ። ዋሽንግተን ያለ አንጋፋ አዘጋጅ ደሴ ወይም ሐዋሳ ያለ ጀማሪን ጽሑፍ በሳምንት አንድ ጊዜ በቴሌግራም ተቀብሎ ጥያቄ ጽፎበት ለመመለስ የሚያስፈልገው ፈቃደኝነትና አንድ ሰዓት ነው። አንጋፋ የሆንን ሁሉ ስለ ወጣቱ ጥድፊያ ከማማረራችን በፊት በዚህ ዓመት የስንት ጀማሪ ጽሑፍ እንዳረምን ራሳችንን እንጠይቅ። መልሱ አንድም ካልሆነ፣ ወቀሳው የእኛ ነው።