የቲማቲም ዘር በፌስታል መሸጥ ይቅር

ጅግጅጋ ያር ላይ አትክልት የምንሸጥ ሰዎች «ይሄ ቲማቲም ምን ዓይነት ነው?» ስንባል «የሐረር ነው» ወይም «የአረብሲዮ ነው» ብለን እናልፋለን። ይህ የበቀለበት ቦታ እንጂ የዝርያው ስም አይደለም። ለወጥ የሚገዛ ሰው ይኸው ይበቃዋል፤ ለሚዘራ ሰው ግን አይበቃም። አሁን ደግሞ ከመካከላችን ቲማቲሙን ብቻ ሳይሆን ዘሩንም የምናመጣ በርክተናል።

ባለፈው ወቅት አንዳችን ለአንድ የአረብሲዮ ገበሬ ከፌስታል ተቆንጥሮ የተሸጠ ዘር አደረሰለት። ዘሩ በቀለ፤ ተክሉ ከሰው ቁመት አለፈ፤ ድጋፍ ስላልነበረው ተጋደመ፤ ፍሬው መሬት ላይ በሰበሰ። ሰውየው «ስሙ ማን ይባላል?» ብሎ ጠየቀን። መልስ አልነበረንም። ፓኬቱ የት እንደተጣለ የሸጠውም ሰው አያውቅም።

«ሥዕሉን ካየን መች አነሰን» የሚሉ አሉ። በሥዕሉ ከሄድን የፓኬት ቲማቲም ሁሉ ቀይና የሚያብረቀርቅ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ከጀርባ፣ በትንንሹ ጽሑፍ ውስጥ ነው። «ኤፍ ዋን» የሚል ካለ ድቅል ነው፤ ከፍሬው ዘር አስቀርቶ የዘራ ሰው ያንኑ ቲማቲም መልሶ አያገኝም። በአረብኛ «ሀጂን»፣ በቱርክኛ «ሂብሪት» የሚለውም ይኸው ነው። አገር ቤት የለመድነው ሮማ ቪኤፍ ግን ድቅል አይደለም፤ ዘሩ ይቀመጣል። እዚያ ላይ ያለው «ኤፍ» ፉዛሪየም የተባለውን፣ «ቪ» ደግሞ ቨርቲሲሊየም የተባለውን የሚያጠወልግ በሽታ እንደሚቋቋም የሚያሳይ ምልክት ነው። ሁለቱን «ኤፍ» የሚያምታታ ብዙ ሰው አለ፤ እኛም አምታተናል።

በቱርክ ፓኬት ላይ «ሴራ» የሚል ቃል ካያችሁ አትደንግጡ፤ በእነሱ ቋንቋ በላስቲክ ወይም በመስታወት የተሸፈነ የአትክልት ቤት ማለት ነው። ለዚያ የተዘጋጀ ዘር አብዛኛውን ጊዜ እየረዘመ የሚሄድና በገመድ የሚታሰር ነው። ሜዳ ላይ ያለ ድጋፍ ሲዘራ የሚሆነውን ከላይ ነግረናችኋል።

ከሁሉ የባሰው ግን የቀኑ ነገር ነው። ፓኬቱ የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የመጠቀሚያ ጊዜው በ2024 ያበቃል የሚል ፓኬት ቶጎ ውጫሌን ተሻግሮ ጅግጅጋ ሲደርስ፣ በእኛ አቆጣጠር የሚያነበው ገበሬ ገና ዓመታት የቀሩት ይመስለዋል። ዘሩ ግን አርጅቷል፤ ግማሹ ላይበቅል ይችላል። እዚህ ሐርጌሳ ያላችሁ ደንበኞች ይህ አይገጥማችሁም፤ ወደ አገር ቤት የምንልከው ግን ልናስብበት ይገባል።

እርግጥ ሙሉ ፓኬት ውድ ነው፤ ጥቂት መደብ ላለው ሰው አንድ ሺህ ፍሬ ዘር ምን ያደርግለታል? መከፋፈሉን አንቃወምም። የምንቃወመው ስም አልባ አድርጎ መከፋፈሉን ነው። የፓኬቱን ፊትና ጀርባ በስልክ አንስቶ ለገዢው መላክ ምንም አያስወጣም። የዝርያውን ስም፣ የምርት ቁጥሩንና ቀኑን በወረቀት ጽፎ ፌስታሉ ውስጥ መክተትም እንዲሁ። አረብኛውን የሶማሌ ባልደረቦቻችን ያነቡልናል፤ ሲያነቡልንም ኖረዋል። ዋናው ፓኬት ደግሞ ቲማቲሙ ተለቅሞ እስኪያልቅ ሻጩ ዘንድ ይቀመጥ።

የአረብሲዮው ሰው ዘንድሮም ዘር ፈልጎ መጥቷል። ያልተከፈተ ፓኬት እስክናገኝለት እንዲጠብቀን ነግረነዋል።