ዲስኩ አልሞተም!

ወዳጆቼ፣ የሰርግና የቡሄ ቪዲዮ ያለበትን የድሮ ዲስክ ሳይመረምሩ «ተበላሽቷል፣ ጣሉት» ብሎ መመለስ ምን ዓይነት ሙያ ነው? ኧረ ተው!

በካሜራ የተቀረፀ ዲቪዲ አርደብሊው «ፋይናላይዝ» ካልተደረገ ኮምፒውተሩ ባዶ አስመስሎ ሊያሳየው ይችላል። ባዶ ግን አይደለም። «ፎርማት ይደረግ?» ሲላችሁ እሺ ካላችሁ ያኔ ነው ጉዱ፤ ተደምስሶ እንደገና የሚጻፍበት ዲስክ ነዋ! መጀመሪያ የቀረፀውን ካሜራ ወይም ያንኑ ሞዴል ፈልጋችሁ ፋይናላይዝ አድርጉት።

ኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ አልቀበልም ካለ ደግሞ ከዲስኩ በቀጥታ አትጎትቱ። ሙሉውን ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። «ቪዲዮ ቲኤስ» ፎልደር ውስጥ ያሉት የቪኦቢ ፋይሎች 1 ጊጋባይት ገደማ ሲሞሉ የሚቆራረጡ ናቸው፤ አንዱን ብቻ ወስዳችሁ «ሰርጉ ግማሽ ነው» አትበሉ። ምስሉ መጥቶ ድምፁ ከቀረ ብዙ ጊዜ ሶፍትዌሩ ኤሲ3 ድምፅ ስለማያነብ ነው። ወደ ኤምፒ4 ቀይሩትና ሞክሩ።

ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተሠራበት አገር ሰዎች ሆነን አንድ ፎልደር መክፈት ያቅተን? የሟች አባት ድምፅ ያለበት ዲስክ ቆሻሻ አይደለም።

ወንድሜ፣ ካልቻልክ «አልቻልኩም» በል። «ሞቷል» አትበል!