ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ መቃዠት



ካርቱም ጀሪፍ ለኖርን ስደተኞች የልብ ቀዶ ሕክምና ሩቅ ወሬ አልነበረም። ከጀሪፍ በስተደቡብ ሶባ ላይ፣ ኢመርጀንሲ የተባለው የጣልያን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 የከፈተው የሳላም ማዕከል የሌላ አገር ሰው ሳይል በነፃ ልብ ሲጠግን ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 የተነሳው ጦርነት ብዙዎቻችንን ቢበትነንም፣ የልብ ሕመሙ አብሮን ተሰዷል። ስለዚህ አስታማሚ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር እናንሳ።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ ተብሎ ቤተሰብ ደስ ባለው በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን፣ ሕመምተኛው ያለበትን ቦታ ይስታል፤ የሌለ ሰው ያያል፤ የተሰካለትን ቱቦ ሊነቅል ይታገላል። ይህ እብደት አይደለም፤ መንፈስም አልሰፈረበትም። ሐኪሞች ዴሊሪየም ይሉታል። አንዳንዱ ደግሞ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ይፈዛል፣ ይተኛል። «ደክሞት ነው» ተብሎ የሚታለፈው ይኼኛው ነው፤ እንዲያውም ይበልጥ የሚያሰጋው እሱ ነው።

ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡት እነማን ናቸው? በዕድሜ የገፉ፣ ከበፊቱ መርሳት የጀመራቸው፣ ስትሮክ የመታቸው፣ የልብ ምታቸው የተዛባ፣ ስኳር ወይም ድብርት ያለባቸው፣ ዓይናቸው ወይም ጆሯቸው የደከመ፣ እንዲሁም መጠጥ የሚያዘወትሩ ናቸው። ቀዶ ሕክምናው ከረዘመ፣ ደም ብዙ ከተሰጠ፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ብዙ ከተቆየ፣ ኢንፌክሽን ከገባ፣ ሕመሙ ካልታገሠ፣ እንቅልፍ ከታጣ፣ እንደ ዲያዜፓም ያለ ማስተኛ ከተሰጠ አደጋው ይጨምራል።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት እውነቱን ለሐኪሙ እንንገር። ዓረቄ የሚጠጣ ወገናችን አፍሮ ወይም ፈርቶ ይደብቃል። መጠጥ በድንገት ሲቋረጥ ግን ያንቀጠቅጣል፣ ያቃዣል፤ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል። የሚወስደውን ኪኒን ሁሉ እንዲሁ ይናገር።

ሁለተኛ፣ ዓረብኛ ብቻ በሚነገርበት ክፍል የነቃ እናት የት እንዳለች በምን ታውቃለች? ቀርበን በቋንቋዋ «እማማ፣ ሆስፒታል ነዎት፣ ቀዶ ሕክምናው አልቋል፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው» እንበላት። መነጽሯን እናድርግላት። ቀን መጋረጃው ይከፈት፣ ሌሊት ጫጫታ ይቀንስ። የምታየው እውነት አይደለም ብለን አንከራከራት፤ አናስራት።

ሦስተኛ፣ ለውጡን እንዳየን ለነርስ እንናገር። አንደበቱ ከተሳሰረ፣ ፊቱ ከተጣመመ፣ አንድ ጎኑ ከዛለ ግን ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ደቂቃ አይባክን። ወደ ጸበልም ሆነ ወደ ቤት ለመውሰድ ብሎ ከአልጋ ማንሳት አደጋ አለው፤ ጸሎቱ እዚያው አልጋው አጠገብ ይደረግ።

ብዙዎቹ በቀናት ውስጥ ወደ ልቦናቸው ይመለሳሉ፤ ጥቂቶች የማስታወስ ችግሩ ወራት ሊቆይባቸው ይችላል። ሲድን ግን በተናገረው ነገር አንቀልድበት፤ ከሕመሙ እንጂ ከሱ የመጣ አይደለምና።

ለሕሙማን ሁሉ ምሕረቱን ይላክልን።