ቦዩን ማን ቆፈረው?

ባለፈው ዕትም አንድ ወንድማችን ስለ ቶማስ ሞር «ዩቶጵያ» ጽፎ ነበር። ጽሑፉ ያምራል፤ አንብቤ ጨርሼዋለሁ። ግን እንዴት ነው ነገሩ? የስድስት ሰዓት ሥራ፣ የጋራ ማዕድ፣ የግል ሀብት የሌለበት አገር እያለ ሲያወድስ ቆይቶ በመጨረሻው «መሥራቿን የመሰለ መሪ ይስጠን» ብሎ ቁጭ! ወንድሜ፣ ለመሆኑ መሥራቿን ታውቀዋለህ?

እስቲ መጽሐፉን እንግለጠው። ዩቶጶስን ሕዝብ አልመረጠውም። አገሪቱን የያዛት በጦር ነው። ከሱ በፊት ስሟ አብራክሳ ነበር፤ እሱን ፍቆ የራሱን ስም ለጠፈባት። (አንዳንዱ ሰው «ዩቶጵያ» ከ«ኢትዮጵያ» ጋር ቤት ስለሚመታ ብቻ ዝምድና ይፈልግለታል። ዝምድና የለም። ቃሉ ከግሪክኛ የተበጀ ነው፤ የትም የሌለ ቦታ ማለት ነው።) ድል ያደረገበትም ምክንያት እዚያው ተጽፏል፦ የአገሩ ሰዎች በሃይማኖት ተከፋፍለው አንድ ላይ መቆም አቅቷቸው ነበር። ካሸነፈ በኋላ ግን ሁሉም የፈቀደውን ሃይማኖት ይያዝ የሚል ሕግ አወጣ። ሕጉ መልካም ነው፣ አልክድም። ነገር ግን የገባበትን በር ከገባ በኋላ የቀረቀረ ሰው ብልህ ይባል እንደሆነ እንጂ ቅዱስ አይባልም።

ከዚያ የቦዩ ነገር ይመጣል። አገሪቱ ከዋናው የብስ ጋር 15 ማይል ስፋት ባለው መሬት የተያያዘች ነበረች። ዩቶጶስ ያንን አስቆፍሮ ባሕር ለቀቀበትና ደሴት አደረጋት። ማን ቆፈረው? ድል የተነሡት ናቸዋ! ሥራው ውርደት እንዳይመስላቸው ደግሞ የራሱን ወታደሮች አብሮ አሰለፈ። ተንኮሉን አያችሁ? አካፋውን ሁሉም ጨበጠ፤ ይቆፈር አይቆፈር ብሎ የጠየቃቸው ግን የለም። ወንድማችን ይህንን «የጋራ ልማት» ብሎታል።

ወደ ተቋሞቹ እንምጣ። ባለ 54 ከተማ አገር ነው። በየ30 ቤተሰቡ በየዓመቱ አንድ ሹም ይመረጣል፤ እነዚህ 200 ሹሞች ሕዝቡ ካቀረባቸው አራት ዕጩዎች አንዱን በምስጢር ድምፅ የከተማው ገዥ ያደርጉታል። ገዥው ሊጨቁን አስቧል ተብሎ ካልተጠረጠረ በቀር ዕድሜ ልኩን ይቀመጣል። በሸንጎው አንድ ነገር በቀረበበት ቀን አይመከርበትም፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ ያድራል። ሰው በስሜት ከአፉ ያመለጠውን ቃል ለመከላከል ሲል ብቻ አገር እንዳይጎዳ ነው። ይህቺን ሕግ እኔም እወዳታለሁ።

እዚያው አጠገቧ ያለውን ሌላ ሕግ ግን ወንድማችን ዘሎታል። ከሸንጎውና ከሕዝቡ ጉባኤ ውጭ ስለ አገር ጉዳይ የተመካከረ ሰው በሞት ይቀጣል! ምክንያቱ ገዥውና ሹማምንቱ ዶልተው ሕዝቡን እንዳይጨቁኑ ነው ይባላል። እሺ፣ ይሁን። ግን ሕጉ ማንን ይይዛል? ትልልቆቹ ሹማምንት እንደሆኑ በየሦስት ቀኑ ከገዥው ጋር በሸንጎ ይገናኛሉ፤ ወሬያቸውን እዚያው ይጨርሳሉ። ሌላ መነጋገሪያ ቦታ የሚያስፈልገው ተራው ሰው ነው። ለሱ ደግሞ ጠጅ ቤት የለ፣ መሸታ ቤት የለ፣ ጥግ ይዞ የሚያወራበት ጓዳ የለ፤ ሁሉም በሁሉም ዓይን ሥር ነው። ዘመድ ልጠይቅ ብሎ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ የሚመለስበት ቀን የተጻፈበት የገዥው ደብዳቤ መያዝ አለበት። ያለ ደብዳቤ ከተያዘ እንደ ኮብላይ ይቆጠራል፤ ሁለተኛ ቢደግመው ባሪያ ይሆናል።

ባሪያ አልኩ? አዎን፣ ባሪያ። ከብቱን የሚያርደው፣ በጋራው አዳራሽ ከባዱንና ቆሻሻውን ሥራ የሚሠራው ባሪያ ነው። ስድስት ሰዓቱ የዜጋው ነው፤ ባሪያው በሰንሰለት ታስሮ ያለ ፋታ ይለፋል። በዚያ አገር ወርቅ የተናቀ ስለሆነ ሰንሰለቱም ከወርቅ ይሠራል። ሽንት መሽኛውም እንዲሁ። ክፍል ውስጥ የምንስቀው በሽንት መሽኛው ነው፤ ሰንሰለቱን የሚያነሣ የለም። እኅቶቻችን ደግሞ ከወር መጨረሻው በዓል በፊት ሚስቶች በባሎቻቸው እግር ሥር ተንበርክከው ጥፋታቸውን የሚናዘዙበትን ገጽ ቢያነቡት መልካም ነው። ባል ለሚስቱ ሲንበረከክ አላየሁም።

«ሞር እኮ እየቀለደ ነው» የሚሉኝ አሉ። ተራኪው ራፋኤል ሂትሎዴዎስ የስሙ ትርጉም ራሱ ከንቱ ለፍላፊ ማለት ነው ይላሉ። ያስኬዳል። ታዲያ ሰንሰለቱ ቀልድ ከሆነ ስድስት ሰዓቱ በምን ሒሳብ ቁም ነገር ሆነ? ደስ ያለንን እንደ ወንጌል፣ የጎረበጠንን እንደ ተረት ማንበብ አይሆንም። ለሞር የሚገባውን አልነፍገውም፦ እ.ኤ.አ. በ1516 በታተመው በዚሁ መጽሐፍ፣ በመጀመሪያው ክፍል፣ የእንግሊዝ መኳንንት መሬቱን ለበግ ግጦሽ እያጠሩ ገበሬውን ሲያፈናቅሉ፣ የተፈናቀለው ሲሰርቅ ደግሞ ሲሰቅሉት በድፍረት ጽፏል። ያ ክፍል እኔን ከደሴቲቱ ሁሉ ይበልጥብኛል። ወንድማችን ግን አንድ መስመር እንኳን አልሰጠውም።

ይህን ሁሉ የምለው ለመጽሐፉ ብቻ ብዬ አይደለም። የሥነ ጽሑፍ ማኅበራችን መተዳደሪያ ደንብ እያረቀቀ ነው። በየመኝታ ክፍሉ በሚዞረው ረቂቅ ውስጥ «አባላት ስለ ማኅበሩ ጉዳይ ከስብሰባ ውጭ መወያየት የለባቸውም» የሚል አንቀጽ ገብቷል። አርቃቂዎቹ ለአንድነታችን ሲሉ ነው አሉ። የዩቶጶስ ልጆች! ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ስለ ግጥም ምርጫው፣ ስለ ወረቀትና ቀለም ገንዘቡ ካላወራን የት እናውራ? ስብሰባ የሚጠራው ኮሚቴው ብቻ ነው፤ ባለፈው መንፈቅ ስንቴ ጠራን?

ከዚያች ደሴት መበደር ካስፈለገ የምንበደረውን እኔ ልንገራችሁ፦ በቀረበበት ቀን ምንም ነገር አይጸድቅም የምትለውን። ረቂቁም በመጀመሪያ ለሷ ይገዛ። በስብሰባው ቀን ይነበብ፣ ሳምንት ይደር፣ በሳምንቱ መካከል በየሻይ ቤቱ ይብጠልጠል፤ ከዚያ እጃችንን እናወጣለን።