ኮምፒውተርም ጥርሱ ይታያል

በዚህ እትም ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ የጌም ኮምፒውተር ነው። በተለይም ተገጣጥሞ ያለቀለት የጌም ኮምፒውተር ሲገዛ ምን ዕቃ ይመረጥ፣ ከማንስ ይገዛ የሚለው ነው። "ገበሬው የዝናብ ነገር አሳስቦት እያለ ጌም ምን ይሉታል?" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን በቆቦና በራያ ቆላ ዛሬ "የጌም" እየተባለ የሚገዛው ማሽን ለጌም ብቻ አይደለም። የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው፣ አውቶካድ የሚሠራው፣ ባነርና መጥሪያ ካርድ ዲዛይን የሚያደርገው፣ ፊፋና ጂቲኤ አጫውቶ በሰዓት የሚያስከፍለው ወጣት ሁሉ የሚፈልገው አንድ ዓይነት ኮምፒውተር ነው፤ ጠንካራ ፕሮሰሰርና የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው። ገንዘቡም ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን። ወይ በሬ ተሽጦ ነው፣ ወይ እህት ሳዑዲ ዓረቢያ ሰው ቤት ሠርታ የላከችው ነው። ስለዚህ ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ አይደለም።

የእኔ አቋም አጭር ነው። ለእኛ አካባቢ ኮምፒውተር ሲመረጥ በመጀመሪያ መታየት ያለበት የፕሮሰሰሩ ወይም የቪጂኤው ስም ሳይሆን ፓወር ሰፕላዩና ማቀዝቀዣው ነው። ሻጭ ሲመረጥ ደግሞ በርካሽ የሚሸጠው ሳይሆን ዕቃው ሲበላሽ ተመልሰን የምናገኘው ነው።

ቆቦ ገበያ በሬ የሚገዛ ገበሬ የቆዳውን ማማር አይቶ ብቻ ገንዘብ አይቆጥርም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ያስኬደዋል፣ ሰኮናውን ይመለከታል፣ "ያርሳል ወይ? ከማን ቤት ነው የወጣው?" ብሎ ይጠይቃል። ሻጩን የሚያውቅ ሰው ካላገኘም ገንዘቡን ከኪሱ አያወጣም። የዚሁ ገበሬ ልጅ ግን የበሬውን ዋጋ ይዞ ኮምፒውተር ሲገዛ የሚጠይቀው "ኮር ስንት ነው? ስንት ጊጋ ነው?" ብቻ ነው። አባት ያወቀውን ልጅ ለምን ረሳው?

እስቲ ይህን "ኮር ስንት ነው" የሚባል ነገር እንመልከተው። ሻጮች "ኮር አይ 7 ነው" ሲሉ ገዢው ይረካል። ነገር ግን ኮር አይ 7-2600 ገበያ ላይ የዋለው በ2003 ዓ.ም. ነው። በ2014 ዓ.ም. የወጣው ኮር አይ 3-12100 እንደ እሱው 4 ኮርና 8 ትሬድ ያለው ሲሆን በሥራ ግን በብዙ ይበልጠዋል። ስለዚህ ከ7 እና ከ3 ይልቅ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው ዕድሜውን የሚናገረው፤ ጥርስ ማለት እሱ ነው። ሌላም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ መሠረት ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያለውን አብዛኛውን ፕሮሰሰር አይቀበልም። በውጭ አገር ቢሮዎች አገልግለው የመጡ፣ መብራት የሚያበራ ኬዝ ተገዝቶላቸው "ጌሚንግ" የተባሉ ማሽኖች ብዙዎቹ ከዚህ መስመር በታች ናቸው።

የግራፊክስ ካርዱም እንዲሁ ነው። "6 ጊጋ ነው፣ 8 ጊጋ ነው" ይባላል። ሜሞሪ ብቻውን ፍጥነት አይናገርም። ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 ጊጋውና ባለ 6 ጊጋው ስማቸው አንድ ሆኖ ውስጣቸው ይለያያል፤ አንደኛው 1152፣ ሌላኛው 1280 ኮር ነው ያላቸው። ጂቲ 1030 የሚባለውም ሁለት ዓይነት ሜሞሪ ያለው ሆኖ ተሽጧል፤ ዲዲአር 4 የተገጠመለት ከሌላው እጅግ ያነሰ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የድሮ ካርድ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ በአዲስ ስም የሚሸጠው ነው። ይህን ለመለየት ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ መሄድ በቂ ነው። መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቀር፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች በዓለም ዙሪያ ወደ ዩዝድ ገበያ ጎርፈዋል። እነዚህ ሁሉ መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም። በአዲስ ዋጋ መሸጥ የለባቸውም ነው የምለው።

አሁን ማንም ወደማይጠይቀው ዕቃ ልምጣ፤ ፓወር ሰፕላይ። ብዙ ሻጭ ዋጋ ሲቀንስ የሚቀንሰው ከዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ገዢው አይጠይቅም። ለምሳሌ ኮር አይ 5-12400ኤፍ ሲጨነቅ እስከ 117 ዋት፣ አርቲኤክስ 4060 ደግሞ 115 ዋት ይወስዳሉ። ማዘርቦርዱ፣ ዲስኩና ፋኑ ተደምረው ወደ 300 ዋት እንበል። ስለዚህ እውነተኛ 500 ወይም 550 ዋት ያለው ፓወር ሰፕላይ ተርፎት ይችለዋል። ስቲከሩ ላይ "750 ዋት" የተጻፈበት ግን በእጅ ሲያነሱት ላባ የሚያክለው ስም የለሽ ዕቃ አይችለውም። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ቮልቴጅ ሲዘል ራሱን ያጠፋል። መጥፎው ግን ሲሞት ማዘርቦርዱንና ቪጂኤውን ይዞ ነው የሚሞተው። "80 ፕለስ" የሚለው ምልክትም ኃይል እንዳያባክን መፈተሹን ያሳያል እንጂ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ የአምራቹ ስምና ሞዴሉ መታወቅ አለበት።

ይህ ለአካባቢያችን የሚብሰው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው መብራት ነው። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ቆቦ ሲደርስና ከዚያም በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ ለወራት ያለ መብራት የኖረችበትን ጊዜ ማንም አይረሳውም። ከዚያ ወዲህም ቢሆን መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃ ማቃጠሉን ሁላችንም እናውቃለን። ሁለተኛው ሙቀትና አቧራ ነው። ቆቦ ከፍታዋ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ በደጋ አየር የተሞከረ ማሽን ቆቦ ሲገባ ክፍሉ በ10 ዲግሪ ከሞቀ የውስጡም ሙቀት በዚያው ልክ ነው የሚጨምረው። ፊቱ በመስታወት የተደፈነ ኬዝ ለዓይን ያምራል እንጂ ለእኛ አይሆንም። ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ የአቧራ ማጣሪያው የሚወጣና የሚታጠብ፣ ቢያንስ ሁለት ፋን ያለው ይሻላል። አርጂቢ መብራቱ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ዩፒኤስ ላይ ቢውል በስንት ጣዕሙ! ዩፒኤስ ሲገዛም "650" የሚለው ቪኤ እንጂ ዋት አለመሆኑን ልብ ይሏል፤ ዋቱ ከዚያ ያነሰ ነው።

ወደ ሻጩ እንለፍ። ሦስት መንገድ አለ። አዲስ አበባ ወርዶ መርካቶ፣ ፒያሳ፣ መገናኛ ወይም ቦሌ መግዛት፤ በቴሌግራም አዝዞ በመኪና ማስጫን፤ ወይም ከወልዲያ፣ ከደሴ፣ አልፎም እዚሁ ቆቦ ካለ ሻጭ መግዛት። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ይመርጣል፣ ርካሽ ናቸውና። እኔ ግን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ በሁለተኛው ወር ቢበላሽ ማን ያነሳዋል? ከቆቦ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ወልዲያ ግን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተከሰተው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ አይተናል። መንገድ በተዘጋበት ጊዜ የ1 ዓመት ዋስትና ወረቀት ብቻ ነው።

"የአካባቢ ሻጭ ይጨምርብናል፣ ዕቃውንም ያው ከአዲስ አበባ ነው የሚያመጣው" የሚለውን ክርክር እቀበላለሁ፣ እውነት ነው። ግን የምንከፍለው ጭማሪ ለዕቃው ሳይሆን ለዋሱ ነው። የበሬ ገበያውም ዋስ እንዲሁ ነው። በሌላ በኩል "እኛ ሃርድዌር እየተማርን ለምን የተገጣጠመ እንገዛለን? ዕቃውን ለየብቻ ገዝተን አንገጥመውም ወይ?" የሚል ጓደኛ አለ። ለራሱ ከሆነ ይግጠም፣ ይማርበታል። ለአክስቱ ልጅ ከሆነ ግን ያስብበት። የተለያየ ሱቅ ዕቃ ተገጥሞ ሲበላሽ ራም ሻጩ በማዘርቦርድ ሻጩ፣ እሱ ደግሞ በገጣሚው ያሳብባሉ። የተገጣጠመው ኮምፒውተር ትልቁ ጥቅሙ ተጠያቂው አንድ ሰው መሆኑ ነው። የአካባቢው ሻጭ ስለ ዕቃው መልስ የማይሰጥ ከሆነ ደግሞ ቅርብ ስለሆነ ብቻ አይገዛም፤ ያኔ ደረሰኝ የሚሰጠው የአዲስ አበባው ይሻላል።

ደረሰኝ ካልኩ አይቀር፣ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ የተገዛው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ነገር ግን 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ላለመክፈል "ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ" ሲባል እሺ ያለ ሰው ይህን መብቱን በገዛ እጁ ሸጦታል፤ መግዛቱን በምን ያሳያል?

ስለዚህ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት እነዚህ ይደረጉ እላለሁ። አንደኛ፣ የኬዙ ጎን ይከፈትና የፓወር ሰፕላዩ ስምና ሞዴል ይታይ። ሁለተኛ፣ ራሙ 16 ጊጋ ከሆነ አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ይሁን፤ ጥንድ ራም ጌም ላይ ለውጥ አለው። ሦስተኛ፣ ከባድ ጌም ተከፍቶ ማሽኑ ለአንድ ሰዓት ይሥራ፣ ሙቀቱም ይነበብ። አራተኛ፣ የእያንዳንዱ ዕቃ ሞዴልና መለያ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ወይም በማኅተም በተረጋገጠ ወረቀት ላይ ይጻፍ። አምስተኛ፣ ሻጩ "ስቲከሩ ከተነሳ ዋስትና የለም" ካለ አቧራ ለመጥረግ መክፈት እንደሚፈቀድ በጽሑፍ ያረጋግጥ፤ በእኛ አገር አቧራ ሳይጠረግ የሚኖር ማሽን የለምና። ይህን ሁሉ ሲጠየቅ የሚቆጣ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል፤ ደህና ዋል ብሎ መውጣት ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ይህ ማለት ዛሬ የተቃጠለ ቪጂኤ ነገ በተገዛበት ዋጋ አይተካም። ድሮ ስህተት በሌላ ዕቃ ይታረም ነበር፤ አሁን ግን አንዴ ነው። ቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሏል እንዲህ ነው።

በመጨረሻም ለእኛው ለዲፓርትመንቱ ልጆች አንድ ነገር ልበል። ሰፈር ውስጥ "አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተር አይደል እንዴ የምትማረው? ለልጄ የትኛውን ልግዛለት?" የማይባል ከመካከላችን የለም። ያኔ "አይ 7 ግዙለት" ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ጠያቂው አባት ግን ያችን ቃል እንደ ባለሙያ ምስክርነት ይዞ ነው ገበያ የሚወጣው። ስለዚህ የዲፓርትመንቱ ላብራቶሪ በወር አንድ ቅዳሜ ተከፍቶ፣ ከአካባቢው ሰው የተገዛ ወይም ሊገዛ የታሰበ ኮምፒውተር በተማሪዎች እየተፈተሸ፣ ከላይ የዘረዘርኳቸው ጥያቄዎች በአንድ ገጽ አማርኛ ተጽፈው ቢሰጡ መልካም ነው እላለሁ። ለተማሪው ልምምድ፣ ለገዢው ዋስ ነው። ሐቀኛ ሻጭም ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። መምህራኖቻችን ቢያስቡበት፣ ተማሪዎችም ሐሳባችሁን በሚቀጥለው እትም ብትሰነዝሩበት ደስ ይለኛል።

ቸር እንሰንብት!