አቲየሙን ማን ቆፈረው?

«አቲየም ቢኖርህ ምን ታደርግበት ነበር?»

ሁለት የ«ሚስትቦርን» አንባቢዎች ማኪያቶ ይዘው ከተቀመጡ ይህ ጥያቄ ሳይነሳ ሒሳብ አይከፈልም። አንዱ የቦክስ ሻምፒዮን ይሆንበታል፤ ሌላው ካርታ ተጫውቶ የሰፈሩን ልጆች ኪስ ያራግፍበታል፤ ቁም ነገረኛ ነኝ ባዩ ደግሞ «አምባገነን እገድልበታለሁ» ይላል። እኔን ግን ጥያቄው ራሱ ያናድደኛል። ለምን እንደሚያናድደኝ ልናገርና ከዚያ እናንተ ስደቡኝ።

ላላነበባችሁ በአጭሩ ላስረዳ። (መጨረሻውንም ስለማወራ፣ ታሪኩ እንዳይበላሽበት የሚፈልግ ሰው እዚህ ጋ በሰላም እንለያይ።) «ሚስትቦርን» አሜሪካዊው ብራንደን ሳንደርሰን እ.ኤ.አ. በ2006፣ በ2007 እና በ2008 ያወጣው ባለ ሦስት ክፍል ልብወለድ ነው። በዚያ ዓለም አንዳንድ ሰዎች ብረት ይውጡና ሆዳቸው ውስጥ «ያቃጥሉታል»፤ እያንዳንዱ ብረት የየራሱ ኃይል ይሰጣል። አንዱ ጉልበት፣ አንዱ የጠራ ዓይንና ጆሮ፣ አንዱ የሌላውን ሰው ስሜት ማብረድ። የሁሉም ቁንጮ አቲየም ነው። አቲየም የሚያቃጥል ሰው ጠላቱ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ የሚያደርገውን እንደ ጥላ ቀድሞ ያያል። ሰይፉ ከመሰንዘሩ በፊት የሰይፉ ጥላ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይችለዋል? አቲየም ያለው ሌላ ሰው ብቻ። ስለዚህ እያንዳንዱ ትልቅ ቤተሰብ፣ ጎረቤቱ ስለገዛ፣ እሱም መግዛት አለበት። ፍሬዋ ደግሞ ሀብት የምታስወጣ ሆና ሳለ ነዳ የምታልቀው በአፍታ ነው።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ያስደስታል። አሁን ወደ ጉድጓዱ እንውረድ።

አቲየም የሚገኘው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከሃትሲን ጉድጓዶች። እዚያ የሚሠሩት እስረኞች ናቸው። ሰው በደንብ በማያሳልፍ ስንጥቅ ውስጥ በደረታቸው እየተሳቡ፣ እጃቸውን በሹል ክሪስታሎች መሀል እየሰደዱ፣ ውስጧ የአቲየም ፍሬ ያለባትን ድንጋይ ይፈልጋሉ። ኮታው በሳምንት አንድ ነው። አንድ ያገኘ ሌላ ሳምንት ይኖራል። ያላገኘ ይገደላል። ኬልሲየር የሚባለው ዋናው ገጸ ባሕርይ ከሚስቱ ከማሬ ጋር የተጣለው እዚህ ነው። እሱ ባዶ እጁን በቀረበት ሳምንት ማሬ ያገኘቻትን ድንጋይ ሰጠችው። እሷን ደብድበው ገደሏት። የኬልሲየር ክንዶች ላይ ያለው ጠባሳ የጦርነት ጠባሳ አይደለም፤ የሥራ ጠባሳ ነው።

ይህን ሁሉ የሚነግረን የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው፤ ተደብቆም አልተጻፈም። ታዲያ ለምንድን ነው ስለ አቲየም ስናወራ ከጥላውና ከሰይፉ በስተቀር ምንም ትዝ የማይለን? አንዴ ለአንዱ ወዳጄ «መጀመሪያ ለሱ አቲየም ጉድጓድ የሚገባልህን ሰው ንገረኝ» ብለው «እስረኛ ነዋ!» አለኝ፤ ሳያቅማማ። ቀጥሎም የተለመደችውን አመጣት፦ «አንቺ ደግሞ ልብወለዱን ሁሉ ጋዜጣ ታደርጊዋለሽ።» አዎ፣ አደርገዋለሁ። ጋዜጠኝነት ተምሬ «ማን» ብሎ መጠየቅ ካልቻልኩ ዲግሪዬን ለምን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት?

ነገሩ የሚብሰው ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ነው። እዚያ ስንደርስ አቲየም ተራ ብረት እንዳልሆነ ይገለጣል። ሩዊን የሚባለው፣ ዓለምን ሊያፈርስ የሚሻው አምላክ የገላው ክፋይ ነው። ተቃራኒው ፕሪዘርቬሽን ከሱ ነጥቆ በጉድጓዶቹ ውስጥ ደብቆበታል። እኔም ሳነብ «አይ!» ብዬ ከአልጋዬ ተነስቻለሁ፤ ግሩም ሐሳብ ነው፤ ሳንደርሰን ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ከዚያች ገጽ በኋላ ምን እንደሚሆን ልብ በሉ። ብረቱ አምላክ ሲሆን ቆፋሪው ይጠፋል። ወሬው ሁሉ የሁለት አማልክት ጠብ ይሆናል። ጉድጓዱ ሰው የሚገደልበት ቦታ መሆኑ ቀርቶ ቅዱስ ምስጢር የተቀበረበት ቦታ ይሆናል።

ከዚህች ቀዳዳ ነው «ሎርድ ሩለር ተበድሏል» የሚሉት የሚገቡት። ሎርድ ሩለር ማለት ያንን ዓለም ሺህ ዓመት የገዛው ንጉሥ ነው። ጠበቆቹ እንዲህ ይላሉ፦ ሰውየው ጨካኝ ቢሆንም ሩዊን ገላውን እንዳያገኝ አቲየሙን ሲሰበስብና ሲደብቅ ኖሯል፤ ለክፉ ቀን ብሎ ከመሬት በታች የእህል ጎተራ አዘጋጅቷል፤ እሱ ባይኖር ዓለም ድሮ ጠፍታ ነበር። ስለዚህ ጉድጓዱ… እ… አስፈላጊ ነበር።

አስፈላጊ! ይህችን ቃል ከሰማሁ ጆሮዬ ይቆማል።

መደበቁን ልቀበል። አቲየሙ በእርግጥም ካንድራ በሚባሉት አገልጋዮቹ ዘንድ ተከማችቶ ተገኝቷል። ግን ሊደብቀው ከፈለገ ለምን ሸጠው? ከሚወጣው ላይ እየቆነጠረ ለመኳንንቱ በውድ ይቸበችብ የነበረው እሱ ራሱ ነው። መኳንንቱ እርስ በርስ እንዲጠባበቁ፣ ሁሉም ለሚቀጥለው ፍሬ እጁን እንዲያይ። ዓለምን ለማዳን ከሆነ «በሳምንት አንድ ካላመጣህ ትሞታለህ» የሚለው ሕግ ምን ሠራ? በሁለት ሳምንት አንድ ቢሆን ሩዊን ያሸንፍ ነበር? ክንዱ ላይ ያሰራቸው የአቲየም አምባሮችስ? ሺህ ዓመት ሙሉ ወጣት ሆኖ የኖረው ወጣትነትን በአቲየም ውስጥ እያስቀመጠ ነው። ቪን አምባሮቹን ስትነጥቀው በአፍታ ሽማግሌ ሆኖ ቁጭ አለ። እንግዲህ አንዱ ዕድሜውን በሳምንት እየቆጠረ ጉድጓድ ውስጥ ይኖራል፤ ሌላው በዚያው ብረት ሺህ ዓመት ይኖራል። ይህንን ነው «መሥዋዕትነት» የምትሉኝ?

ስለ መኳንንቱ ካነሳን አይቀር፣ ሌላም የአምላክ ገላ አለ። ሌራሲየም ይባላል፤ የፕሪዘርቬሽን ነው። አንዷን ፍሬ የዋጠ ሰው ብረቶቹን ሁሉ የሚያቃጥል ይሆናል፤ ኃይሉም ለልጅ ልጁ ይወርዳል። ሎርድ ሩለር ሥልጣን እንደያዘ እነዚህን ፍሬዎች ለወገኑለት ሰዎች አከፋፈለ። የእነሱ ልጆች ናቸው እንግዲህ «ደማችን ልዩ ነው» እያሉ ስካ የሚባለውን ሕዝብ እንደ ከብት የሚነዱት። ምን ደም አለው? ጉርሻ ነው እንጂ! አያታቸው ከገዢው እጅ ጎረሰ፤ የልጅ ልጁ ዘር ቆጠረበት። ጉርሻው ወደ ስካው እንዳይተላለፍ ደግሞ ሕግ ወጣ፤ መኳንንቱ አብረዋት ያደሩትን የስካ ሴት ልጅ ሳትወልድ እንዲገድሏት። አንድ ሰው ስለ ሎርድ ሩለር «ታላቅ አሳቢነት» ሲያወራኝ ይህንን ሕግ በየትኛው ጎተራ እንዳስቀመጠው እጠይቀዋለሁ።

ኬልሲየርን በተመለከተ ብዙ ወቀሳ ይሰማል። ገዳይ ነው ይሉታል፤ ነውም። ጥሩ ሰው ነው ብዬ አልከራከርም፤ መኳንንት ስለሆኑ ብቻ ሲገድል ፊቱ ላይ የሚያስፈራ ደስታ አለ። ግን በሦስቱ መጽሐፍት ውስጥ ስለ አቲየም ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀ እሱ ነው። ሌላው ሁሉ «እንዴት ላግኘው?» ሲል እሱ «እንዴት ላስቁመው?» አለ። ብረት አጠገባቸው ሲቃጠል ክሪስታሎቹ እንደሚሰባበሩ ስላወቀ፣ ወደዚያ ጉድጓድ ተመልሶ ወርዶ ሰባበራቸው። አዲስ አቲየም ለብዙ ትውልድ እንዳይበቅል አደረገ። ከእሱ ሞት በኋላስ ሌላው ምን አደረገ? ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ሉታዴል ከተማ በጦር ትከበባለች፤ ከከበቧት አንዱ ስትራፍ ቬንቸር ነው፤ ጉድጓዶቹን ለንጉሡ ሲያስተዳድር የኖረው ቤተሰብ አለቃ። የሚፈልገው ምን መሰላችሁ? የተደበቀውን አቲየም። የጉድጓዱ ኃላፊ ስለ ጉድጓዱ አንድም ቀን ሳይጠየቅ ለክምችቱ ጦር ይመዛል፤ እኛ አንባቢዎችም ከእሱ ጋር «የት ደብቆት ይሆን?» እያልን ገጽ እንገልጣለን። እኔንም ጨምሮ።

መጨረሻው ላይ ክምችቱ ይገኛል። ንጉሥ ኤለንድ ሩዊን እንዳያገኘው የተገኘውን ሁሉ ለተራ ወታደሮቹ ያድላል። ጭጋጉ አሳምሟቸው ከተነሱት መሀል አቲየም ማቃጠል የሚችሉ ወታደሮች ነበሩ። በአንድ ውጊያ፣ ኮሎስ ከሚባሉት ግዙፍ ፍጥረቶች ጋር እየተዋጉ፣ የአምላኩን ገላ አቃጥለው ይጨርሱታል። ኤለንድም እዚያው ይወድቃል። አንባቢ ሁሉ እዚያች ምዕራፍ ላይ ለኤለንድ ያለቅሳል፤ እኔም አልቅሻለሁ። ያ ወታደሮቹ እፍኝ እፍኝ እየዋጡ የጨረሱት ክምር ግን ከሃትሲን የወጣው በሳምንት አንድ፣ በሳምንት አንድ እየተለቀመ ነው፤ ከፍሬዎቹም አንዷ ማሬ ለባሏ የሰጠቻት ትሆናለች።