ስለ ሸኮ ከብት ዘር ምርመራ ለአገር አስተዳዳሪዎችና ለባለከብቶች የቀረበ አሳብ



እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ የእርሻ ትምህርት ሲሰጥባት የኖረችው ሐዋሳ የሸኮን ከብት ጂኖም፥ ማለት በደሙ ውስጥ የተጻፈውን የዘር ቃል፥ ከዳር እስከ ዳር የማስነበብ ዕቅድ ብታወጣ የተገባ ነው። በእኔ አሳብ ግን የሥራው መጀመሪያ የምትነበበውን ላም መምረጥ ነው፤ ማንበቢያው መሣሪያ ከዚያ በኋላ ይደረሳል።

በዚያው አቈጣጠር በ2009 የመጀመሪያው የከብት ጂኖም ሲታተም የተመረጠችው በአሜሪካ አገር፥ በሞንታና ግዛት የኖረች አንዲት የሄርፎርድ ላም ነበረች። ዘርዋ ከ1934 ጀምሮ ሌላ ደም ሳይገባበት በመዝገብ የተጠበቀ ነውና፥ ከአባትዋና ከእናትዋ የወረሰችው ቃል እጅግ የተቀራረበ ሆኖ 3 ሺህ ሚሊዮን የሚያህለውን ፊደል ለመገጣጠም አመቸ። ስለዚህ ለዚያ ንባብ ከሊቃውንቱ እኩል የሚመሰገነው ጥጃ በተወለደ ቍጥር ብዕሩን ያነሣ የነበረው የመንጋው መዝጋቢ ነው።

በቤንች ሸኮና በአካባቢው የሚገኘው ሸኮ ሻኛው አነስተኛ ወይም ከነጭራሹ የሌለ፥ ቀንዱም አጭር ከብት ነው። የገንዲ ዝንብ ባለበት ቆላ ሌላው ከብት ከስቶ ሲያልቅ እርሱ ይበልጥ ይቋቋማል። ሊቃውንት ዘሩን በሄርፎርድ መለኪያ መርምረውታል፤ ነገር ግን ሄርፎርድ የሌላት ቃል በሄርፎርድ መለኪያ አይገኝም። በ2022 የንዳማና የአንኮሌ ከብቶች ጂኖም ለየብቻው በተጠናቀረ ጊዜ ይህ ተገልጧል።

የሚያሠጋው ሸኮ በጋራ ግጦሽ ላይ ከባለ ሻኛው ከብት ጋር እየተደባለቀ መጥፋቱ ነው። ባለቤቱም ቍጡነቱን ስለሚጠላ ኰርማውን ያኰላሸዋል ወይም ይሸጠዋል፤ ሸኮን ያሰረ ሰው ግን አይፈርድበትም። ድኻውን ገበሬ ኰርማህን ለአገር ጥቅም ጠብቅ ብሎ ማዘዝ ብቻ ፍትሕ አይሆንም፤ የመኖውና የኪሣራው ዋጋ ሊቈረጥለት ይገባል።

እንግዲህ የወረዳ ሹማምንት ከእንስሳት ሐኪሞች ጋር ሆናችሁ ንጹሕ ሸኮ ነው የሚባለውን መንጋ በየቀበሌው ጻፉ። የእናቱንና የአባቱን ምልክት፥ መድኀኒት ሳያገኝ ገንዲ ባለበት ስፍራ ስንት ክረምት እንዳሳለፈ ባለቤቱን ጠይቃችሁ መዝግቡ። ደም የሚወሰደው በባለቤቱ ፈቃድ ይሁን፤ ናሙናው ወደ ውጭ አገር የሚላክ ቢሆንም በአዋጅ ቍጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ሳይያዝበት ከወረዳው አይውጣ።